ወተት በጉንጬ፤ የወሎ ማሽላና የዘር ውርስ ታሪክ

«ዘር ከልጓም ይስባል» ይላል ያገራችን ተረት። አባባሉ የሚነገረው ስለ ሰው ዝምድና ቢሆንም፣ የዘርን ኃይል በየዓመቱ በእጁ እየዳሰሰ የሚፈትነው ከማንም ይልቅ ገበሬው ነው። ከወልድያ ተነሥቶ ወደ ሰሜን የሚጓዝ መንገደኛ ወደ ቆቦ ሲቃረብ፣ በስተምዕራብ የላስታ ተራሮች፣ በስተምሥራቅ የዞብል ሰንሰለት የሚያጥሩት ሰፊ ሜዳ ይቀበለዋል። ይህ የራያ ቆቦ ሜዳ ከባሕር ጠለል በላይ 1,500 ሜትር ያህል ከፍታ ያለው፣ ዝናሙ ወላዋይ፣ አፈሩ ግን እንደ ሆርማትና ጎሊና ባሉት ወንዞች ደለል ሲታደስ የኖረ አገር ነው። የሜዳውም ጌታ ማሽላ ነው።

ገበሬው ማሽላውን በጅምላ ስም አይጠራውም። ሚያዝያ ላይ ዝናም ካገኘ ደጋሌትና ጅጉርቲ የሚባሉትን፣ ለመድረስ ረጅም ጊዜ የሚፈጁትን ዓይነቶች ይዘራል፤ የበልጉ ዝናም ከከዳው ደግሞ ፈጥነው ወደሚደርሱት ይዞራል። አጨዳ ሳይጀመር በማሳው ውስጥ እየተዘዋወረ፣ ፍሬውንና አገዳውን እያየ፣ ለከርሞ ዘር የሚሆነውን ራስ ይመርጣል። በዚህ ምርጫ ከትውልድ ወደ ትውልድ የሚተላለፈው ነገር ምንድን ነው? ጥያቄው የገበሬውም የሳይንቲስቱም ነው፤ የሁለቱ መልስ አንድ ጊዜ በወሎ ማሽላ ላይ ተገናኝቷል።

የተጨማደደችው አተር

የውርስን ሕግ በቁጥር ለመጀመሪያ ጊዜ ያሳየው ግሬጎር ሜንዴል የተባለው መነኩሴ ነው። ሜንዴል ዛሬ በቼክ ሪፐብሊክ በምትገኘው በብርኖ ከተማ ገዳም አጸድ ውስጥ፣ እ.ኤ.አ. ከ1856 ጀምሮ ለ8 ዓመታት ያህል አተር እያዳቀለ አጠና። ከመረመራቸው ባሕርያት አንዱ የፍሬው ቅርጽ ነበር። ድብልብል ፍሬ ያለውን አተር ከተጨማደደው ጋር ሲያዳቅል፣ የመጀመሪያው ትውልድ ፍሬ ሁሉ ድብልብል ሆነ። ይህን ትውልድ እርስ በርሱ ሲያራባው ግን ጠፍቶ የነበረው ጭምዳድ እንደገና ብቅ አለ፤ ከ7,324 ፍሬዎች መካከል 5,474 ድብልብል፣ 1,850 ጭምዳድ ሆነው ተገኙ። ይህም ወደ ሦስት ለአንድ የሚጠጋ ነው።

ሜንዴል ከዚህ የደረሰበት ድምዳሜ፣ እያንዳንዱ ፍሬ ለአንድ ባሕርይ ሁለት የውርስ ቅንጣት እንዳለው፣ አንዱን ከአባት ሌላውን ከእናት እንደሚቀበል የሚያስረዳ ነበር። ኋላ ጂን ወይም ዘረ መል የሚል ስም የተሰጠው ይህ ቅንጣት ነው። አንዳንዱ ዘረ መል ገዢ ነው፤ ብቻውንም ቢሆን ባሕርዩን ይገልጣል። ሌላው ድብቅ ነው፤ ከሁለቱም ወላጆች ካልመጣ በስተቀር አይታይም፣ ነገር ግን አይጠፋም። ሥራው እ.ኤ.አ. በ1866 ታትሞ ቢወጣም እስከ 1900 ድረስ አስታዋሽ አላገኘም። የአተሩ ጭምዳድ ምክንያትም የታወቀው ከዚያ በጣም ዘግይቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1990 ነው። ስታርች የሚሠራ አንድ ኢንዛይም የሚያዝዘው ዘረ መል በመካከሉ ባዕድ ቁራጭ ገብቶበት ተበላሽቷል። ስታርቹ ሲያንስ በፍሬው ውስጥ ስኳር ይበዛል፤ ስኳሩ ውኃ ይስባል፤ ፍሬው ሲደርቅም ውኃው ስለሚወጣ ቆዳው ይጨማደዳል። እንግዲህ በዓይን የሚታየው ጉድለት በውስጥ የተለወጠ ምግብ ምልክት ነበር ማለት ነው። ይህን ቁም ነገር ይዞ ወደ ወሎ መመለስ ይቻላል።

ከ9,000 መካከል ሁለት

ማሽላ የአያሌ ሚሊዮን ሕዝብ እንጀራ ቢሆንም፣ ፕሮቲኑ አንድ ጉድለት አለበት። ሰውነት ራሱ ሊሠራቸው የማይችል፣ ከምግብ ብቻ የሚያገኛቸው አሚኖ አሲዶች አሉ፤ ከእነዚህም አንዱ ላይሲን ነው። በማሽላ ፍሬ ውስጥ ከሚከማቸው ፕሮቲን ከፍተኛውን ድርሻ የያዘው ካፊሪን ደግሞ ላይሲን የለውም ለማለት ይቻላል። በ100 ግራም የመደበኛ ማሽላ ፕሮቲን ውስጥ የሚገኘው ላይሲን 2 ግራም ያህል ብቻ ነው። ሽሮ፣ ባቄላና ምስር በላይሲን የታደሉ በመሆናቸው፣ የማሽላ እንጀራ በሽሮ ወጥ ሲበላ ጉድለቱ ይሞላል። ጥንታዊው ማዕድ ስሌቱን አስቀድሞ የሠራ ይመስላል። ከጡት የተለየ ሕፃን በማሽላ ገንፎ ብቻ ሲያድግ ግን እድገቱ ይቀጭጫል፤ በሽታን የመቋቋም ኃይሉም ይደክማል።

እ.ኤ.አ. በ1964 በአሜሪካ የፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በአንድ ድብቅ ዘረ መል ምክንያት ላይሲኑ የላቀ በቆሎ መኖሩን ካስታወቁ በኋላ፣ በማሽላስ እንዲህ ያለ ነገር ይገኝ ይሆን የሚለው ጥያቄ ተነሣ። በዚያው ዩኒቨርሲቲ ራመሽዋር ሲንግና ጆን አክስቴል ከዓለም ልዩ ልዩ አገሮች ከተሰበሰበው የማሽላ ዘር 9,000 ያህሉን መረመሩ። ላይሲናቸው ጎልቶ የተገኙት ሁለት ብቻ ነበሩ፤ በመዝገቡ አይ ኤስ 11167 እና አይ ኤስ 11758 ተብለው የተመዘገቡት። የሁለቱም ትውልድ ቦታ ኢትዮጵያ፣ ከኢትዮጵያም ወሎ ነበር። በ100 ግራም ፕሮቲናቸው ውስጥ ያለው ላይሲን ከ3 ግራም በላይ ሲሆን፣ የፕሮቲናቸውም ጠቅላላ መጠን ከመደበኛው የበለጠ ነበር። ከዚህ ማሽላ የተመገቡ የላቦራቶሪ አይጦች መደበኛውን ከበሉት ይልቅ ፈጥነው ክብደት ጨመሩ። የፍሬው መልክም የሜንዴልን አተር የሚያስታውስ፣ ሲደርቅ ጎድጎድና ጭምድድ የሚል ነበር። ዘረ መሉ አንድና ድብቅ መሆኑ በማዳቀል ተረጋገጠ፤ ከድቅሉ በበቀለው ራስ ላይ ድብልብሉና ጭምዳዱ ፍሬ በሦስት ለአንድ መጠን ተሰባጥሮ ታየ።

ግኝቱ እ.ኤ.አ. በ1973 ታተመ። ለወሎ ገበሬ ግን አዲስ ነገር አልነበረም። እርሱ እነዚህን ማሽላዎች ያውቃቸዋል፣ ስምም አውጥቶላቸዋል። አንዱ ወተት በጉንጬ፣ ሌላው ማርጩቄ ይባላል። እሸቱ በአፍ ውስጥ ሲፈነዳ የሚሰጠውን ጣዕም አንዱ ስም በወተት፣ ሌላው በማር መስሎታል። ሳይንቲስቱ በሚዛንና በኬሚካል የደረሰበትን ልዩነት ገበሬው በምላሱ ለይቶ በስም መዝግቦት ነበር።

የመልካም ባሕርይ ዋጋ

ታዲያ እንዲህ ያለው ማሽላ ለምን የአገሩን ማሳ ሁሉ አልሸፈነም? መልሱ ያው ዘረ መል ውስጥ ነው። ላይሲኑን የሚያበረክተው ለውጥ የፍሬውን የምግብ ማከማቻ ያለሰልሰዋል፣ ክብደቱን ይቀንሰዋል፤ ስለዚህም ምርቱ ከሌላው ያንሳል። አንዱን ባሕርይ ወስዶ ሌላውን መተው አይቻልም። ዘረ መሉን ፍሬያቸው ሙሉ ወደሆኑ ምርታማ ዓይነቶች ለማስገባት ከዚያ በኋላ የተደረገው ጥረትም በዚሁ እንቅፋት ተሰናክሏል።

ገበሬው ይህን ዋጋ ስለሚያውቅ መፍትሔውን በማሳው አበጅቷል። ወተት በጉንጬን ለብቻው ሰፊ መሬት አልመደበለትም፤ ከሌላው ማሽላ ጋር እያሰባጠረ ጥቂት ጥቂቱን ይዘራዋል፤ ከዚያም እሸቱ ጠብ ሲል ጠብሶ ይበላዋል። ጎተራውን የሚሞላው ሌላው ነው፤ ይህኛው የጣዕምና የብርታት ድርሻ ነው። ድብቅ ባሕርይ በዓይን ከታየ ንጹሕ ነውና፣ ጭምዳዱን ፍሬ ለዘር የመረጠ ሰው ከባዕድ ጽጌ ብናኝ እስከተጠበቀ ድረስ ያንኑ መልሶ ያገኛል። በአንጻሩ መራጭ እጅ ለጥቂት ዓመታት ከጎደለ፣ ምርቱ ያነሰው በበዛው ተውጦ ይቀራል። ዘረ መሉን ያቆየው እንግዲህ የተፈጥሮ ሕግ ብቻ ሳይሆን፣ የሚወደው ሰው መኖሩ ነው።

አቀንጭራና የሥሩ ጥሪ

ውርስ የምግብን ጣዕም ብቻ ሳይሆን ለበሽታና ለጥገኛ መጋለጥንም ይወስናል። ለዚህ ማስረጃው በቆቦ ሜዳ በራሱ ይታያል። አቀንጭራ የተባለው ሐምራዊ አበባ ያለው አረም የማሽላን ሥር ወግቶ ምግቡንና ውኃውን የሚመጥ ጥገኛ ነው። አንዱ ተክል በአሥር ሺዎች የሚቆጠር እንደ አቧራ የደቀቀ ዘር ይረጫል፤ ዘሩም በአፈር ውስጥ ከ10 ዓመት በላይ ተኝቶ ሊቆይ ይችላል። የሚነቃው የማሽላው ሥር የሚያወጣውን ስትራይጎላክቶን የተባለ ቅመም ሲያሸት ነው። ማሽላው ይህን ቅመም የሚያወጣው ፎስፈረስ ባነሰው አፈር ውስጥ ረዳት ፈንገሶችን ለመጥራት ነው፤ ጥሪውን ግን ጠላትም ይሰማዋል። የደኸየ አፈርና አቀንጭራ አብረው መገኘታቸው ከዚህ የተነሣ ነው።

ይህን ችግር ከውርስ ወገን የመረመሩት ዶክተር ገቢሳ እጀታ ናቸው። በወሎንኮሚ ተወልደው፣ በዓለማያ ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ1973 ተመርቀው፣ በፐርዱ የዚያው የጆን አክስቴል ተማሪ ሆኑ። እርሳቸውና ባልደረቦቻቸው አረሙን ከእንቅልፉ የማይቀሰቅሱ ማሽላዎችን ለይተው፣ ባሕርዩ በአንድ ድብቅ ዘረ መል የሚተላለፍ መሆኑን አሳዩ። ከዚህ ሥራ የተገኙት፣ አንዱ በራያ ቆቦ የምትገኘውን የጎብዬን ስም የሚጋራው፣ ሌላው አብሽር የተባለው፣ በኢትዮጵያ ለገበሬው ተለቀቁ። ዶክተር ገቢሳ እ.ኤ.አ. በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን ተቀበሉ። ዘረ መሉም ራሱ እ.ኤ.አ. በ2017 ተለይቶ ታወቀ፤ ሲጎድል ሥሩ የሚያወጣው ቅመም ዓይነቱን ይለውጣል እንጂ ጨርሶ ዝም አይልም።

ሆኖም እነዚህ ዓይነቶች አጫጭርና ፈጥነው የሚደርሱ ናቸው። የቆቦ ገበሬ ከማሽላ የሚፈልገው እህሉን ብቻ አይደለም፤ ረጅሙ አገዳ ለከብቱ መኖ፣ ለቤቱ መሥሪያ፣ ለምድጃው ማገዶ ነው። ስለዚህ አንዱን ባሕርይ አሻሽሎ ሌላውን ያጎደለ ዘር በገበሬው ሚዛን ሲመዘን ሊቀል ይችላል። የወተት በጉንጬ ትምህርት እዚህም ተደገመ፤ ዘረ መል የሚመዘነው ከሚኖርበት አገርና ኑሮ ጋር ነው።

የጎተራው ዕዳ

የሲንግና የአክስቴል ጽሑፍ የታተመበት 1973 በእኛ አቈጣጠር 1965ና 1966 ዓ.ም. መሆኑን ማስታወስ ያሻል። ወሎ በረሃብ ያለቀበት፣ የራያና ቆቦ አውራጃም ክፉኛ ከተጎዱት አንዱ የሆነበት ዘመን ነው። በዓለም ከተሰበሰበው ማሽላ የላቀው ፕሮቲን የተገኘበት ሕዝብ በዚያው ዓመት ጨርሶ እህል አጣ። ረሃቡ የላይሲን ጉድለት አልነበረም፤ የዝናም፣ የመሬት ሥሪትና የመንግሥት ቸልታ ውጤት ነበር። ሳይንስ ያወቀው ነገር ማዕድ ላይ ካልደረሰ ምን ያህል እንደሚርቅ ግን ከዚህ የበለጠ ምስክር የለም።

ረሃብ ሰውን ብቻ አይደለም የሚቀጥፈው። በ1977 ዓ.ም. ድርቁ ሲመለስ፣ በሰሜን ኢትዮጵያ አያሌ ገበሬ ለዘር ያስቀመጠውን በላ ወይም ሸጠ። የእርዳታ እህል ሆድ ይሞላል፤ የተበላውን ዘር ግን አይመልስም። ከመስከረም እስከ መስከረም እየተዘራ ካልሆነ በቀር ሊኖር የማይችለው ውርስ በአንድ ክፉ ዓመት ሊቋረጥ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1976 በአዲስ አበባ የተቋቋመውና ዛሬ የኢትዮጵያ ብዝኃ ሕይወት ኢንስቲትዩት የሆነው የዕፅዋት ዘረ መል ማዕከል ይህን ጥፋት ለመግታት ዘር በየአገሩ እያዞረ ሰበሰበ። ማዕከሉን የመሩት ዶክተር መላኩ ወረደ ዘር በቀዝቃዛ ክፍል ብቻ ታሽጎ መቀመጡ እንደማይበቃ፣ በገበሬው ማሳ ላይም እየተዘራ መኖር እንዳለበት ተከራክረዋል። በሸዋና በወሎም ከገበሬዎች ጋር ሠርተዋል፤ እ.ኤ.አ. በ1989 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ሽልማት ተቀብለዋል።

ዛሬ በቆቦ ሜዳ ጥልቅ ጕድጓድ ተቆፍሮ፣ ፓምፕ ተተክሎ፣ መሬቱ በመስኖ ሽንኩርትና ሌላም አትክልት ያበቅላል። ይህ የመሐንዲስ እጅ ሥራ ነው፤ ለሕዝቡም በጎ ነው። ነገር ግን መስኖ የሚደርስበት ማሳ ሁሉ የሚዘራውን ይለውጣል፤ ሽንኩርት ሲገባ የሚወጣው ማሽላ የትኛው እንደሆነ የፕሮጀክቱ ጥናት ካልጠየቀ ማንም አይጠይቅም። የተበላሸ ፓምፕ ይጠገናል፣ የደረቀ ጕድጓድ በሌላ ይተካል። ወተት በጉንጬ ግን ሥዕሉ ተቀምጦለት እንደገና የሚሠራ መሣሪያ አይደለም። ቦይ የሚቀይስ ባለሙያ ከማሳው ባለቤት ዘንድ ሲደርስ፣ የአፈሩንና የውኃውን መጠን በሚመዘግብበት ደብተር ላይ የዘሩንም ስም ቢጨምር፣ ከድካሙ ሁሉ ይህ ትንሹ ነው፤ ለሚመጣው ትውልድ ግን ከሁሉ የሚበልጠው ሊሆን ይችላል።