ዜና ደረስጌ ማርያም

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

ይህ ዜና በስሜን ምድር በደረስጌ ማርያም የሆነውን ይናገራል። ከግብጽ፣ ከሮምና ከጀርመን አገር የመጡ ክርስቲያኖች ከአገሩ ካህናትና መኳንንት ጋራ በምን እንደ ተባበሩ፣ በምንስ እንደ ተለያዩ ይተርካል። በአውሮጳ አቆጣጠር ካልተባለ በቀር ዓመቱ ሁሉ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው። ክርስቲያን ለክርስቲያን ያደረገውን በጎ ነገር ጽፎ ያደረሰበትን ክፉ ነገር መሸሸግ አይገባምና ሁለቱንም እንጽፋለን።

አስቀድሞ አገሩን እንንገር። ከጎንደር ተነሥቶ በአምባ ጊዮርጊስ በኩል ወገራን የሚያቋርጥ ሰው ዳባትን አልፎ ደባርቅ ይደርሳል። እስከዚያ ድረስ መንገዱ ገብስ የሚዘራበት ደጋ ነው። ከደባርቅ በኋላ ግን ምድሩ ተቆርጦ በሊማሊሞ ገደል ቁልቁል ይወርዳል፤ ከዚያ ዛሪማ፣ አዲ አርቃይ፣ ቀጥሎም ተከዜ ነው። ወደ ቀኝ የታጠፈ ደግሞ በስሜን ተራሮች አልፎ ጃናሞራ ይገባል፤ ደረስጌም በዚያ ነው። ጣሊያን በወረራው ዘመን ጠመዝማዛውን የመኪና መንገድ እስኪያወጣ ድረስ ሊማሊሞን የሚወርድም የሚወጣም በእግሩና በበቅሎው ነበር። የጎንደር ነጋዴ ወደ ምጽዋ የሚወርደው፣ ኢየሩሳሌምን ሊሳለም የተነሣ መነኩሴ ዘንጉን ይዞ የሚሄደው በዚህ መንገድ ነበር። አገሩን ተራራ ዘግቶታል የሚሉ ተሳስተዋል። ከዓለም ክርስቲያን ጋራ የሚያገናኘው የሰሜኑ በር በደባርቅ ደጃፍ ያልፍ ነበርና።

በቤተ ክርስቲያኑም ውስጥ ኅብረቱ አለ። በደባርቅም ሆነ በዳባት ካህኑ ቅዳሴ ዘባስልዮስንና ቅዳሴ ዘቄርሎስን ሲቀድስ የባሕር ማዶ አባቶችን ስም ይጠራል። በየዕለቱ የሚነበበው ስንክሳርም ከግብጽ ክርስቲያኖች መጽሐፍ ከዐረብኛ ወደ ግእዝ የተመለሰ ነው። የስሜን ገበሬ እስክንድርያን በዓይኑ ሳያያት የሰማዕታቷን ገድል ከልጅነቱ ጀምሮ ሲሰማ ያድጋል።

በ1822 ዓ.ም. ሳሙኤል ጎባት የሚባል የስዊስ ሰው፣ የእንግሊዝ ሚስዮን መልእክተኛ፣ ከትግራይ ተነሥቶ በስሜን በኩል ጎንደር ገባ። በአማርኛ የታተመ ወንጌልም ይዞ ነበር። ያን ወንጌል የተረጎመው አቡ ሩሚ የተባለ የጎጃም መነኩሴ ነው፤ በካይሮ ተቀምጦ፣ የፈረንሳይ ቆንስል የነበረው አሰሊን ደ ሸርቪል ቀለቡን እየሰጠው፣ ብሉይንም ሐዲስንም ወደ አማርኛ መለሰ። ከሞተ በኋላ ጽሑፉን እንግሊዞች ገዙት፤ መላው መጽሐፍ ቅዱስም በአውሮጳ አቆጣጠር በ1840 ታትሞ ወጣ። ኢትዮጵያዊው ተረጎመ፣ ካቶሊኩ አበላ፣ ፕሮቴስታንቱ አሳተመ፤ ሦስቱ በአንድ ጉባኤ ተቀምጠው ስለ ሃይማኖት ቢነጋገሩ ኖሮ ሳይጣሉ ባልተነሡ ነበር። በሥራው ግን አልተጣሉም፤ የአገሩም ሰው የእግዚአብሔርን ቃል በሚናገርበት ቋንቋ አነበበ። ጎባትም ኋላ በኢየሩሳሌም የአንግሊካን ጳጳስ ሆኖ ሲሾም በዚያ ለሚንገላቱት ኢትዮጵያውያን መነኮሳት ጠበቃ ሆነላቸው።

በዚያ ዘመን የስሜን ገዥ ደጃዝማች ውቤ ኃይለ ማርያም ነበሩ። የትግራዩ ገዥ ደጃዝማች ሳባጋዲስ ከሞቱ በኋላ ትግራይን ደርበው ያዙ። አገሩ ግን ከአሥር ዓመት በላይ ያለ ጳጳስ ቆይቶ ነበር፤ ቄስና ዲያቆን የሚሾም ጠፋ፤ ታቦት የሚባርክ ታጣ። ደጃዝማች ውቤም ብር አዋጥተው፣ ሰው መርጠው፣ አቡን እንዲያመጡ ወደ እስክንድርያ መልእክተኞች ሰደዱ። ይህም በ1833 ዓ.ም. በዘመነ ማቴዎስ ነበር።

ከመልእክተኞቹ ጋራ እንዲሄዱ የተለመኑት አባ ያዕቆብ ናቸው፤ የጣሊያን ሰው፣ የላዛሪስት ማኅበር ካህን፣ ስማቸው ጁስቲኖ ደ ያኮቢስ። የሮም ካህን ለእስክንድርያ መንበር ጳጳስ ልመና መሪ ሆኖ መሄዱ እንግዳ ነገር ነው። እርሳቸውም መልእክተኞቹ ወደ ሮም እንዲያልፉ ተስማምተው ሄዱ። ከመልእክተኞቹ መካከል የጎጃሙ አባ ገብረ ሚካኤል ይገኙበት ነበር፤ እኒህ እውነትን ፍለጋ ከገዳም ገዳም የዞሩ ሊቅ ናቸው። ካይሮ በደረሱ ጊዜ ፓትርያርክ ጴጥሮስ፣ እንድርያስ የሚባለውን ወጣት መነኩሴ መርጠው ሾሙ፤ ስሙም አባ ሰላማ ተባለ። ወጣቱ በካይሮ በእንግሊዝ ሚስዮን ትምህርት ቤት የተማረ ነበር። ከመልእክተኞቹም ከፊሉ አዲሱን ጳጳስ ይዘው ተመለሱ፤ ከፊሉ ከአባ ያዕቆብ ጋራ ሮም ሄደው ጳጳሱን ጎርጎርዮስ 16ኛን አዩ፤ ከዚያም ኢየሩሳሌምን ተሳልመው ገቡ። የስሜን፣ የትግራይና የጎጃም ሰው በአንድ ጉዞ እስክንድርያን፣ ሮምን፣ ኢየሩሳሌምን የረገጠበት ዓመት ይህ ነው። ከዚያ በፊትም ሆነ በኋላ እንዲህ ያለ ጉዞ ጥቂት ነው።

አቡነ ሰላማ በ1834 ዓ.ም. አገር ገቡ። ገና ሳያርፉ ጦርነት ጠበቃቸው። በየካቲት ወር ደጃዝማች ውቤ በደብረ ታቦር የጎንደር ነገሥታት እንደራሴ የነበሩትን ራስ ዓሊን ገጥመው ድል ነሡ፤ ከድሉ በኋላ ግን ለግብር እንደ ተቀመጡ ድንገት ተያዙ፤ ጳጳሱም አብረው ተያዙ። ውቤ ቤዛ ከፍለው ወደ አገራቸው ተመለሱ፤ አቡኑ ጎንደር ተቀመጡ። በጎንደርም ሦስት ልደት የሚሉ ካህናት ስለ ክርስቶስ ባሕርይ ከተዋሕዶዎች ጋራ የሚከራከሩበት ዘመን ነበርና ጳጳሱ በክርክሩ መሐል ገቡ፤ ራስ ዓሊም በ1838 ዓ.ም. ከጎንደር አባረሯቸው፤ ወደ ውቤ አገርም ተሰደዱ።

በዚህ መካከል ደረስጌ ትታነጽ ነበር። ደጃዝማች ውቤ ለእመቤታችን ማርያም ታላቅ ቤተ ክርስቲያን ማሠራት ጀመሩ፤ ንጉሠ ነገሥት ተብለው የሚቀቡበትም ይህ እንዲሆን አስበው ነበር። ሥራውን የመራው ቪልሄልም ሺምፐር ነው። ይህ ጀርመናዊ በ1829 ዓ.ም. ዕፅዋት ሊሰበስብ መጥቶ፣ ከአገሩ ሴት አግብቶ ልጆች ወልዶ፣ ውቤም በእንትጮ ላይ ሾመውት የቀረ ሰው ነው። በፕሮቴስታንት ቤት ተወለደ፤ በኢትዮጵያ ምድር ካቶሊክ ሆነ። በኋላም ኤድዋርድ ዛንደር የሚባል ሌላ ጀርመናዊ ሠዓሊ፣ እርሱ ፕሮቴስታንት የነበረ፣ በውቤ ዘንድ ሎሌ ገባ። የስሜን ሰው ድንጋዩን ፈለጠ፣ ዋንዛና ጥድ ቆረጠ፣ ተሸከመ። ካቶሊኩ መራ፣ የተዋሕዶው ባላባት ከፈለ፣ ገበሬው ጉልበቱን ሰጠ፤ ግድግዳዋም በሥዕል ተሸለመ። ሊቃውንቱ በባሕርይ ነገር ሲከራከሩ ግንበኞቹ ለአንዲት ቤተ ክርስቲያን አብረው ሠሩ። እኔ የኅብረትን ምስክር የምፈልገው ከጉባኤዎቹ ቃል ይልቅ ከዚህች ግንብ ነው።

በ1846 ዓ.ም. የቋራው ካሣ ኃይሉ አቡነ ሰላማን ወደ እርሳቸው ሳቡ፤ በአምባ ጫራም ጉባኤ ተዋሕዶ ብቻ እንዲሰበክ ታወጀ። ሰላማም ካሣን ለመቀባት ተስማሙ። በ1847 ዓ.ም. በዘመነ ሉቃስ፣ በየካቲት ወር፣ ካሣ ስሜን ዘልቀው በደረስጌ አጠገብ ደጃዝማች ውቤን ገጠሙ፤ ውቤ ድል ሆኑ፤ ተማረኩም። በየካቲት 5 ቀን እሑድ፣ ውቤ ለራሳቸው ባሠሩት ደብር፣ ራሳቸው ልከው ባስመጡት ጳጳስ እጅ ካሣ ቅብዐ መንግሥት ተቀብተው ቴዎድሮስ ተባሉ። ጀርመኖቹም በዚያ ነበሩ። የግብጽ ቅባት፣ የጀርመን ግንብ፣ የስሜን ደብር ለቋራው ሰው ሆነ። ዛንደርም ኋላ ለንጉሡ አደረ።

ኅብረቱ ግን በዚያው ዓመት ተሰበረ። ሰላማ አባ ያዕቆብንና አባ ገብረ ሚካኤልን ጎንደር ላይ አሳስረው ነበር፤ ባንድ ወቅት ካይሮን አብረው ያዩ ሰዎች ናቸው። አባ ያዕቆብ ተባረሩ። ካቶሊክ የሆኑት አባ ገብረ ሚካኤል ግን ሃይማኖታቸውን አልክድም ብለው በንጉሡ ፊት ሞት ተፈረደባቸው። የእንግሊዙ ቆንስል ፕላውደን፣ የሮምን እምነት የማይከተል ሰው፣ ተነሥቶ ምሕረት ለመነላቸው፤ ፍርዱም ወደ እስራት ተለወጠ። በሰንሰለት ታስረው ሠራዊቱን እየተከተሉ፣ በዚያው ክረምት ዐረፉ። የፕላውደን ልመና ከጉባኤ አዋጅ ሁሉ ይልቅ ክርስቲያናዊ ነው ብል አላፍርም።

ፓትርያርክ ቄርሎስ 4ኛ ራሳቸው በ1849 ዓ.ም. ከግብጽ መጡ፤ ከእስክንድርያ አባቶች ኢትዮጵያን የረገጡ የመጀመሪያው ናቸው። ንጉሡ ግን የግብጽ መንግሥት መልእክተኛ አድርገው ጠረጠሯቸው፤ ከሰላማ ጋራ አሰሯቸው፤ ኋላ ለቀቋቸው፤ በ1850 ዓ.ም. ተመለሱ። ቀቢውም ከተቀቢው ተጣሉ፤ አቡነ ሰላማ በጥቅምት 1860 ዓ.ም. በመቅደላ እስር ቤት ሞቱ። የውቤ ልጅ እቴጌ ጥሩወርቅ ከቴዎድሮስ የወለዷቸው ልዑል ዓለማየሁም ወደ እንግሊዝ አገር ተወስደው፣ በዚያ በባዕድ ምድር ሞተው በዊንድዘር ተቀበሩ።

ብዙ ዘመን ካለፈ በኋላ ሌላ ነገር ሆነ። በአውሮጳ አቆጣጠር በ1948 የዓለም አብያተ ክርስቲያናት ጉባኤ ሲቋቋም የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ከመሥራቾቹ አንዷ ነበረች። ከዚያም በ1957 ዓ.ም. ከጥር 7 እስከ 13 ቀን፣ ከሥላሴ በዓል ጀምሮ ጥምቀትን አካቶ፣ በግርማዊ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ጥሪ የግብጽ፣ የሶርያ፣ የአርመን፣ የሕንድና የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ አብያተ ክርስቲያናት መሪዎች በአዲስ አበባ ተሰበሰቡ። ከኤፌሶን ጉባኤ ወዲህ እንዲህ ሲሰበሰቡ የመጀመሪያቸው ነው ተባለ። ያን ጊዜ ያለ ጳጳስ የቀረችው አገር ለሌሎቹ አባቶች ጠሪ ሆነች፤ ሰንሰለትም ያየ እንግዳ አልነበረም።

ዛሬም እጅግ ያዘንንበትን እንጽፋለን። ጥቅምት 2013 ዓ.ም. በትግራይ በተጀመረው ጦርነት ውጊያው በነሐሴ መጨረሻ እስከ ዳባት ዳርቻ ደርሶ በጭና ብዙ ሰላማዊ ሰዎች አለቁ። ተከዜ ማዶም ብዙ እናቶች ልጆቻቸውን ቀበሩ። የትግራይ አባቶችም ከአዲስ አበባው ሲኖዶስ ተለዩ፤ ቁርሾው አሁንም አልሻረም። በ1833 ዓ.ም. ግን የስሜንና የትግራይ ሰው በአንድ ጌታ ሥር ሆኖ አንድ አቡን ለማምጣት ብር ያዋጣ ነበር።

ስለዚህ በደባርቅና በዳባት፣ በአዲ አርቃይና በሽሬ፣ በአክሱምም ያላችሁ ካህናትና ሽማግሌዎች ሆይ፣ የባሕር ማዶ ክርስቲያኖችን ኅብረት ከመፈለጋችሁ በፊት በተከዜ ማዶና ማዶ ያለውን ወንድማችሁን ፈልጉ። ለሙታኑም በአንድነት ፍትሐት አድርጉ፤ መንገዱ ሲከፈት ቀድማችሁ ሂዱ።