በባሮ ዳር የእግር ጎዳና

ክረምት ወጥቶ በጋምቤላ ክልል ያለው የማታር ሜዳ በደረቀ ጊዜ፣ የኑዌር ሰዎች ከፍ ባለ ስፍራ ከተሠራው መንደራቸው ተነሥተው፣ ከብቶቻቸውን በፊት እየነዱ፣ ወጣቶችና ልጃገረዶች በኅብረት እየተከተሉ፣ በወንዝ ዳር ወዳለው የበጋ ሰፈር የሚያደርጉት ጉዞ ከአበው የተወረሰ ሥርዓት ነው። ጥድፊያ የለውም፤ ከብት እየጋጠ ይሄዳልና ሰውም እርምጃውን ለላሟ አካሄድ ያስገዛል።

በታሪክ ድርሳናት ግን ይልቁን የተጻፈው ስለዚህ የእግር ጉዞ ሳይሆን በባሮ ወንዝ ይመላለስ ስለነበረው መርከብ ነው። ግንቦት 7 ቀን 1894 ዓ.ም. ዳግማዊ ምኒልክ ከእንግሊዝ መንግሥት ጋር በተዋዋሉት ውል፣ በኢታንግ አጠገብ የወንዝ ዳርቻው ከ2000 ሜትር የማይበልጥ የንግድ ስፍራ ተፈቅዶ፣ ጣቢያውም በኋላ በጋምቤላ ተመሥርቶ፣ ከካርቱም የሚመጡት መርከቦች የኢትዮጵያን ቡና ጭነው ይመለሱ ነበር። ያው ውል የኢትዮጵያንና የሱዳንን ወሰን በወንዞች ላይ ሲያሳርፍ፣ ውሃና ሣር የሚከተለውን ሕዝብ በሁለት መንግሥታት መካከል አቆመው፤ ይህም እጅግ ያሳዝነኛል።

የአገሩን ታሪክ የሚመረምር ሁሉ የሰውና የከብት ኮቴ ያበጀውን ጎዳና አስቀድሞ እንዲመለከት እለምናለሁ። መርከቡ የሚመጣው ባሮ በክረምት ሲሞላ ብቻ ነበር፤ እግረኛው ግን የሚነሣው ውሃው ሲጎድል ነው።