በሬዲዮ የሚመራ ሞዴል አውሮፕላን መሥራትና ማብረር፦ ለኮልፌ ቀራኒዮ ክፍለ ከተማ ጀማሪዎች የቀረበ መረጃ

በሬዲዮ የሚመራ ሞዴል አውሮፕላን ሰው የማይሳፈርበትና መሬት ላይ የቆመ አብራሪ በሬዲዮ ማስተላለፊያ በሚልከው ትእዛዝ የሚበር አነስተኛ አውሮፕላን ነው። ሥራው የእጅ ጥበብን፣ የኤሌክትሪክ ዕውቀትንና የአየር ሁኔታ ግንዛቤን አጣምሮ ስለሚያስተምር በብዙ ሀገሮች ወጣቶች ወደ አቪዬሽንና ምሕንድስና ሙያ ከሚገቡባቸው በሮች አንዱ ሆኖ ቆይቷል።

እ.ኤ.አ. በ1905 የተመሠረተው ዓለም አቀፉ የአየር ስፖርት ፌዴሬሽን ሞዴል አውሮፕላኖችን በምድቦች ይከፍላቸዋል፤ ከእነርሱም መካከል በነጻ የሚበሩ፣ በሽቦ ተይዘው የሚበሩ እና በሬዲዮ የሚመሩ ይገኙበታል። ይህ ጽሑፍ በኮልፌ ቀራኒዮ ክፍለ ከተማ ለሚኖሩ ወላጆች፣ ተማሪዎችና መምህራን በዚሁ ቅደም ተከተል የተዘጋጀ ነው።

ቁልፍ ነጥቦች

• ሬዲዮ፣ ካሜራና ሞተር የሌለውን ተንሸራታች ሞዴል በአነስተኛ ወጪ ቤት ውስጥ ሠርቶ መጀመር ይቻላል።
• በሬዲዮ የሚመራ ሞዴል ከመግዛት ወይም ከውጭ ከማስመጣት በፊት የፈቃድ ጉዳይ መጠናቀቅ አለበት። ከግዢ በኋላ የሚጀመር ጥያቄ ዕቃው ጉምሩክ ላይ እንዲያዝና ገንዘቡ እንዲባክን ያደርጋል።
• አዲስ አበባ ከፍተኛ ቦታ ላይ የምትገኝ በመሆኗ ለዝቅተኛ ቦታ የተነደፈ ሞዴል በተመሳሳይ ሁኔታ አይበርም፤ ክብደት መቀነስ ያስፈልጋል።

ታሪካዊ ዳራ

ምዕራብ አዲስ አበባና አካባቢው ከኢትዮጵያ አቪዬሽን ታሪክ ጋር የቆየ ትስስር አለው። ወደ ኢትዮጵያ የመጣው የመጀመሪያው አውሮፕላን ፈረንሳይ ሠራሹ ፖቴዝ 25 ሲሆን፣ ነሐሴ 12 ቀን 1921 ዓ.ም. ያረፈው ከከተማዋ በስተ ምዕራብ በሚገኘው የገፈርሳ ሜዳ ነበር። ከጥቂት ዓመታት በኋላ በ1928 ዓ.ም. «ፀሐይ» የተባለችው አውሮፕላን በጀርመናዊው ሉድቪግ ቬበር መሪነትና በኢትዮጵያውያን ተሳትፎ በሀገር ውስጥ ተሠራች። በወረራው ጊዜ ወደ ጣልያን የተወሰደችው ይህች አውሮፕላን ጥር 21 ቀን 2016 ዓ.ም. ለኢትዮጵያ ተመልሳለች።

ሞዴል ከትልቅ አውሮፕላን ጋር ያለው ዝምድና ከመልክ ያለፈ ነው። ፈረንሳዊው አልፎንስ ፔኖ እ.ኤ.አ. በ1871 በተጠመዘዘ ላስቲክ ኃይል የሚበር ሞዴል ሠርቶ ጅራት ያለው አውሮፕላን በራሱ ሚዛን መጠበቅ እንደሚችል አሳይቷል። የራይት ወንድማማቾችም በልጅነታቸው አባታቸው ያመጡላቸው በላስቲክ የሚሽከረከር በራሪ መጫወቻ የበረራ ፍላጎታቸውን እንደቀሰቀሰው ተናግረዋል።

ፈቃድና የሚመለከታቸው ተቋማት

የኢንፎርሜሽን መረብ ደህንነት አስተዳደር፦ ድሮን ወደ ሀገር ለማስገባትና ለመጠቀም ከዚህ ተቋም ፈቃድ ማግኘት ያስፈልጋል። በሬዲዮ የሚመራ ሞዴል አውሮፕላንም ሰው ሳይሳፈርበት ከርቀት የሚታዘዝ በመሆኑ፣ ካሜራ ስለሌለው ብቻ ፈቃድ አያስፈልገውም ብሎ መገመት አይገባም። ጥያቄው ከግዢ በፊት በጽሑፍ ቢቀርብ ይመረጣል።

የኢትዮጵያ ሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን፦ የሀገሪቱን የሲቪል አየር ክልል ደህንነት የሚቆጣጠረው ይህ ተቋም ነው። ሞዴሉ የሚበርበት ቦታና ከፍታ የሰው አውሮፕላኖችን እንቅስቃሴ ሊነካ ስለሚችል የበረራ ቦታን በሚመለከት የባለሥልጣኑን ምላሽ ማግኘት ይገባል።

የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን፦ በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 የተቋቋመው ይህ ተቋም የሬዲዮ ሞገድ አጠቃቀምን ያስተዳድራል። የዛሬ ዘመን ማስተላለፊያዎች በአብዛኛው በ2.4 ጊጋኸርዝ ሞገድ የሚሠሩ ሲሆን፣ የመሣሪያው ዓይነትና ሞገድ በማሸጊያው ወይም በመመሪያው ላይ ተጽፎ ይገኛል።

የጉምሩክ ኮሚሽን፦ ከውጭ የሚገባ ዕቃ በሙሉ ለጉምሩክ መገለጽ አለበት። ዘመድ በስጦታ መልክ የሚያመጣው ሞዴልም ከዚህ ውጭ አይደለም።

አመልካቾች የሚከተሉትን አሟልተው ቢቀርቡ ጉዳያቸውን በግልጽ ለማስረዳት ይረዳቸዋል፦ የሞዴሉ ፎቶግራፍ፣ ክብደትና የክንፍ ርዝመት፤ የማስተላለፊያው ሥሪትና ሞገድ፤ ካሜራ መኖር አለመኖሩ፤ የበረራው ዓላማና የታሰበው ቦታ፤ እንዲሁም የአመልካቹ መታወቂያ። ተማሪዎች በግል ከሚያመለክቱ ይልቅ በትምህርት ቤታቸው የሳይንስ ክበብ በኩል በደብዳቤ ቢጠይቁ ኃላፊነቱ በተቋም ስም የተያዘ ይሆናል።

ደረጃ 1፦ በነጻ የሚበር ተንሸራታች

የፈቃዱ ሂደት እስኪጠናቀቅ ድረስ ጊዜው በከንቱ ማለፍ የለበትም። ክንፍ ለምን እንደሚያነሳና ሚዛን ምን እንደሆነ የሚያስተምረው ይህ ደረጃ ነው።

ለሥራው የሚያስፈልጉት ቀጭን የማሸጊያ ፎም፣ 50 ሳንቲ ሜትር ርዝመት ያለው ቀጭን የቀርከሃ ወይም የእንጨት ዘንግ፣ የእንጨት ኮላ፣ ፕላስተር፣ ማስመሪያና ስለታም ምላጭ ናቸው። ፈጣን ማጣበቂያዎች ነጩን ፎም ስለሚያቀልጡ የእንጨት ኮላን መጠቀም ይመረጣል። ምላጩን አዋቂ ሰው ሊይዘው ይገባል።

1. ክንፉ 60 ሳንቲ ሜትር ርዝመትና 10 ሳንቲ ሜትር ስፋት ይኑረው። መካከሉ ላይ ታጥፎ ሁለቱም ጫፎች ከመካከሉ 4 ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍ ይበሉ። ይህ ቅርጽ ሞዴሉ ወደ ጎን ሲያዘነብል በራሱ እንዲቃና ያግዘዋል።
2. አግዳሚው ጅራት 20 በ7 ሳንቲ ሜትር፣ ቋሚው ጅራት 8 ሳንቲ ሜትር ያህል ቁመት ይኑራቸው። ሁለቱም በዘንጉ የኋላ ጫፍ ይጣበቃሉ።
3. የክንፉ የፊት ጠርዝ ከዘንጉ አፍንጫ 12 ሳንቲ ሜትር ርቀት ላይ ይቀመጥ።
4. ሞዴሉ ከክንፉ ፊት ጠርዝ 3 ሳንቲ ሜትር ወደ ኋላ ባለው ነጥብ ላይ በሁለት ጣት ሲደገፍ አግድም መቆም አለበት። ጅራቱ ከከበደ አፍንጫው ላይ ሳንቲሞችን በፕላስተር በማሰር ይስተካከላል።

ሙከራው ሣር ባለበት ቦታ፣ ነፋስ በሌለበት ሰዓት፣ ሞዴሉን አግድም ይዞ በቀስታ በመግፋት ይከናወናል። አፍንጫውን አንሥቶ ቆም ካለ በኋላ የሚወድቅ ከሆነ አፍንጫው ላይ ክብደት ይጨመራል። በቀጥታ ወደ መሬት የሚደፋ ከሆነ ጥቂት ክብደት ይቀነሳል። ሁልጊዜ ወደ አንድ ጎን የሚዞር ከሆነ ክንፉ ወይም ቋሚው ጅራት መጣመሙን መመርመር ያስፈልጋል። በአንድ ሙከራ አንድ ነገር ብቻ መለወጥ ይገባል፤ ሁለት ነገር አብሮ ከተለወጠ ውጤቱን ያመጣው የትኛው እንደሆነ አይታወቅም።

ደረጃ 2፦ በሽቦ ተይዞ የሚበር ሞዴል

በዚህ ዓይነት አብራሪው መሐል ላይ ቆሞ እጀታ ይይዛል። ከእጀታው የሚነሡ ሁለት ቀጫጭን መስመሮች ከሞዴሉ ጅራት መቆጣጠሪያ ጋር ይገናኛሉ፤ ሞዴሉም በሞተር ኃይል በአብራሪው ዙሪያ ክብ እየሠራ ይበራል። የሬዲዮ መሣሪያ ስለማያስፈልገውና ከመስመሩ ርዝመት አልፎ ስለማይሄድ ሰፊ ሜዳ ለሌለው ትምህርት ቤት አማራጭ ነው። 10 ሜትር መስመር የሚጠቀም ሞዴል 20 ሜትር ስፋት ያለው ክብ ቦታና በዙሪያው ተመልካች የማይገባበት ተጨማሪ ክፍተት ይፈልጋል። የኤሌክትሪክ መስመር በሚያልፍበት አካባቢ ግን ፈጽሞ መሞከር የለበትም፤ መስመሩ የኤሌክትሪክ ሽቦ ከነካ የአብራሪውን ሕይወት ሊያጠፋ ይችላል።

ደረጃ 3፦ በሬዲዮ የሚመራ ሞዴል

ፈቃድ ያገኘ ጀማሪ የሚመርጠው ሞዴል ክንፉ ከአካሉ በላይ የተቀመጠ፣ ጫፎቹ ከፍ ያሉ፣ ሞተሩ ኤሌክትሪክ የሆነና በዝግታ የሚበር ቢሆን ይመከራል። የጦር አውሮፕላን መልክ ያላቸው ፈጣን ሞዴሎች ለልምድ ያላቸው አብራሪዎች ናቸው። ዋና ዋና ክፍሎቹ ሞተርና መቅዘፊያ፣ የሞተር ፍጥነት መቆጣጠሪያ፣ ባትሪ፣ ጅራቱን የሚያንቀሳቅሱ ሰርቮ ሞተሮች፣ መቀበያና ማስተላለፊያ ናቸው።

ጀማሪዎችን በብዛት የሚያስቸግረው አቅጣጫን መለየት ነው። ሞዴሉ ከአብራሪው ሲርቅ ግራና ቀኙ ከአብራሪው ጋር አንድ ነው፤ ወደ አብራሪው ሲመለስ ግን ይገለበጣል። ይህን በኮምፒዩተር የበረራ ማስመሰያ አስቀድሞ መለማመድ ብዙ ስብራትን ያስቀራል።

ከእያንዳንዱ በረራ በፊት መፈተሽ ያለባቸው፦

• መጀመሪያ ማስተላለፊያው ይበራል፣ ቀጥሎ የሞዴሉ ባትሪ ይገናኛል። ሲያበቃ ባትሪው በቅድሚያ ይነቀላል፤ ማስተላለፊያው በመጨረሻ ይጠፋል።
• የጅራቱ መቆጣጠሪያዎች በትክክለኛው አቅጣጫ መንቀሳቀሳቸው ይረጋገጣል።
• ማስተላለፊያው ሲጠፋ ሞተሩ በራሱ መቆሙ፣ መቅዘፊያው ታስሮ ሳለ ሳይሆን ተነቅሎ ይሞከራል።
• የሚዛን ነጥቡና የመቅዘፊያው አስተሳሰር ይታያል። የተሰነጠቀ መቅዘፊያ ይጣላል እንጂ አይጠገንም።

የከፍታ ተጽዕኖ

በ2,400 ሜትር ከፍታ ላይ አየሩ በባሕር ጠለል ካለው በአንድ አራተኛ ገደማ የሳሳ ነው። በመሆኑም ክንፉ ተመሳሳይ ክብደት ለመሸከም በፍጥነት መሄድ አለበት፤ መቅዘፊያውም የሚገፋው አየር ያነሰ ነው። ለምሳሌ 1.2 ሜትር ርዝመትና 20 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ክንፍ የተገጠመለት የ600 ግራም ሞዴል በባሕር ጠለል በሰዓት 22 ኪሎ ሜትር ገደማ መብረር ከቻለ፣ በአዲስ አበባ ከመውደቅ ለመዳን 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ያስፈልገዋል። ልዩነቱ ትንሽ ቢመስልም በማረፍ ላይ ላለ ጀማሪ ትልቅ ነው። መፍትሔው አላስፈላጊ ኮላና ጌጥ መቀነስ፣ ሰፊ ክንፍ መምረጥና ሲያርፉ ፍጥነትን ቶሎ አለመቀነስ ነው።

የባትሪ ጥንቃቄ

የሊትየም ፖሊመር ባትሪ ቀላልና ኃይለኛ ቢሆንም በአግባቡ ካልተያዘ እሳት ያስነሳል። አንድ ሴል ሲሞላ 4.2 ቮልት ይደርሳል፤ ከ3.3 ቮልት በታች እንዲወርድ መተው አይገባም። ለቀናት ሲቀመጥ 3.8 ቮልት ገደማ ቢሆን ይመረጣል። ለዚሁ በተሠራ ቻርጀር፣ በማይቀጣጠል ነገር ላይ፣ ሰው እየጠበቀው ብቻ ይሞላል። መብራት ጠፍቶ ሲመለስ ቻርጀሩን እንደገና ማየት ያስፈልጋል። ያበጠ ባትሪ ጥቅም ላይ አይውልም።

ከውጭ የሚመጣ መንገደኛ ትርፍ ባትሪን በእጅ ሻንጣ እንጂ በሚጫን ሻንጣ ውስጥ መያዝ አይችልም። እስከ 100 ዋት ሰዓት ያለው በአጠቃላይ ይፈቀዳል። በጀማሪ ሞዴሎች የተለመደው የሦስት ሴል 2,200 ሚሊ አምፒር ሰዓት ባትሪ 24 ዋት ሰዓት ገደማ ነው።

ቦታና ጊዜ

ኮልፌ ቀራኒዮ በአብዛኛው የተጨናነቀ መኖሪያ ነው። በአየር ጤና፣ በቤተል ወይም በዓለም ባንክ አካባቢ ባሉ መንገዶችና የኮንዶሚኒየም ግቢዎች ሬዲዮ የሚመራ ሞዴል ማብረር ለሰውም ለንብረትም አደገኛ ነው። ለተንሸራታች ሞዴል የትምህርት ቤት ሜዳ በርእሰ መምህሩ ፈቃድ በቂ ነው። ከክፍለ ከተማው ወሰን ወጥቶ ወደ ሸገር ከተማ የሚሄድ አብራሪ የዚያን አስተዳደር ፈቃድም መጠየቅ እንዳለበት ማወቅ ይኖርበታል።

ለበረራ የተሻለው ጊዜ ነፋስ ሳይነሣ ከጠዋቱ 12:30 እስከ 3:00 ሰዓት ነው። ተማሪዎች ትምህርት የማይኖራቸው የክረምት ወራት ለመሥራት፣ ከጥቅምት ጀምሮ ያለው በጋ ደግሞ ለማብረር ይመቻል።

ተደጋጋሚ ጥያቄዎች

ከውጭ የመጣ ሞዴል በስጦታ ቢገኝስ? ከመብረሩ በፊት የፈቃድ ሁኔታው መጣራት አለበት። ስጦታ መሆኑ ከፈቃድ ነጻ አያደርገውም።

ሞዴሉ በሰው ግቢ ቢወድቅስ? የግቢውን ባለቤት አስፈቅዶ መውሰድ ይገባል። ጣራ ላይ ወይም የኤሌክትሪክ ምሰሶ ላይ የቀረ ሞዴል ለማውረድ መውጣት ክልክል መሆኑን ወላጆች ለልጆቻቸው አስቀድመው ሊነግሯቸው ይገባል።

ልጆች ብቻቸውን ማብረር ይችላሉ? ሞተር ያለው ማንኛውም ሞዴል ኃላፊነት በሚወስድ አዋቂ ፊት ብቻ ሊበር ይገባል።

ማሳሰቢያ፦ የፈቃድ አሠራሮችና ክፍያዎች ሊሻሻሉ ስለሚችሉ፣ ነዋሪዎች ገንዘብ ከማውጣታቸው በፊት ከላይ ከተጠቀሱት ተቋማት ወቅታዊውን መረጃ በአካል ቀርበው እንዲያረጋግጡ ይመከራል።