የአቃቂ ወፎችና ያለ ደመወዝ የሚደክሙላቸው ሰዎች

ታሪክ ሲባል ቶሎ ትዝ የሚለን የነገሥታትና የጦርነት ታሪክ ነው። ነገር ግን የሰው ልጅ ለእንስሳት ያሳየው ርኅራኄም የራሱ ታሪክ አለው። በዚህ በትምህርት ቤታችን የመታሰቢያ መጽሔት ልናወሳው የፈለግነው ይህንኑ ነው፤ ይልቁንም ከአቃቂያችን ጋር የተያያዘውን ክፍል ነው። ዓመታቱ ሁሉ የተጻፉት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው።

ሰማዩ በጠራ ቀን ከአቃቂ ወደ ደቡብ ስንመለከት የዝቋላ ተራራ ይታየናል። በዚያ የአቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ ገዳም አለ። የጻድቁ ሥዕል ሲሣል አንበሶችና ነብሮች ከእግራቸው አጠገብ ሆነው፥ አንዲት ወፍም ከዓይናቸው እንባ ስትጠጣ ይታያል። እንግዲህ ለእንስሳት መራራት ከውጭ አገር የመጣ ትምህርት ብቻ እንዳይደለ ከዚህ እንረዳለን። ሆኖም እውነቱን ለመናገር፥ በዚያው በቀድሞው ዘመን ዝሆንና አንበሳ የገደለ ሰው ጀግና ተብሎ ይሞገስና ይሸለም ነበር።

አውሬው እየተመናመነ ሲሄድ ግን ሕግ አስፈለገ። ዳግማዊ ምኒልክ በ1909 አደንን፥ በተለይም የዝሆንን አደን የሚወስን ደንብ አወጡ። በ1944 ደግሞ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመነ መንግሥት የአራዊት ጥበቃ አዋጅ ወጣ። በ1963 በእንግሊዛዊው ሊቅ በሰር ጁሊያን ሃክስሌ የተመራ የዩኔስኮ መልእክተኛ ቡድን አገራችንን ጎብኝቶ፥ አራዊቱና ደኑ ካልተጠበቁ እንደሚጠፉ አስረዳ። ከዚያ በኋላ የአዋሽና የሰሜን ብሔራዊ ፓርኮች ተቋቋሙ፤ በ1969ም በሕግ ጸኑ።

ይሁን እንጂ ሕግ ብቻውን ዘበኛ አይሆንም። ሕዝቡ በፈቃዱ ካልተባበረ አዋጅ ከወረቀት አያልፍም። ይህን የተረዱ ሰዎች በ1966 የኢትዮጵያ የዱር አራዊትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበርን መሠረቱ። ማኅበሩ «ዋልያ» የተባለ መጽሔት አሳተመ፤ በየትምህርት ቤቱም የተፈጥሮ ክበቦች እንዲቋቋሙ ደከመ። በ1996 ደግሞ በኢትዮጵያ ለወፎች እጅግ የሚጠቅሙ 69 ሥፍራዎችን መዝግቦ አወጣ። ከእነዚህ አንዱ የእኛው የአቃቂና የአባ ሳሙኤል ረግረግ ነው።

አባ ሳሙኤል ትልቁና ትንሹ አቃቂ ወንዞች የሚገቡበት ሰው ሠራሽ ሐይቅ ነው። ግድቡ የተሠራው ለኤሌክትሪክ ኃይል ሲሆን፥ ሳይታሰብ የወፎች መጠለያ ሆነ። መስከረም ከጠባ በኋላ ከአውሮፓና ከሰሜን እስያ ብርድ የሚሸሹ ወፎች ይመጣሉ፤ ዳክዬዎችና ክሬን የተባሉት ረጅም አንገት ያላቸው ወፎች ከዚህ ወገን ናቸው። ወራቱን ከእኛ ጋር አሳልፈው ከበልግ በፊትና በበልግ ወደ አገራቸው ይመለሳሉ።

በጎ ፈቃደኞች ከሚሠሩት ሥራ ዋነኛው የወፍ ቆጠራ ነው። የአፍሪካ የውሃ ወፎች ቆጠራ ከ1991 ጀምሮ በጥር ወር ገደማ በብዙ አገሮች ይካሄዳል። ወሩ የተመረጠው ወፎቹ ከጉዞ አርፈው በአንድ ሥፍራ ስለሚረጉ ነው፤ ቆጠራው በየአገሩ በተቀራረበ ጊዜ የሚደረገውም አንዱ መንጋ ሁለት ጊዜ እንዳይቆጠር ነው። አንዱ በመነጽር ይመለከታል፥ ሌላው ይመዘግባል፤ መንጋው ብዙ ሲሆን በአሥርና በመቶ እየከፈሉ ይገምታሉ። ሥራው ቀላል ቢመስልም ከዓመት ዓመት ሲነጻጸር የረግረጉን ጤንነት ይናገራል።

ያ ጤንነት ግን ተጓድሏል። የአዲስ አበባ እድፍና የፋብሪካ ፍሳሽ በሁለቱ ወንዞች እየወረደ ወደ ሐይቁ ይገባል፤ እንቦጭ የተባለው አረምም የውሃውን ፊት ሸፍኖታል። በዚሁ ወንዝ ዳር አትክልት ይመረታል፥ ከብትም ይጠጣል። ስለዚህ ወፏን የሚጎዳው መርዝ እኛንም ሳይነካን አይቀርም።

ርኅራኄው ለዱር አራዊት ብቻ አይደለም። በሆለታ አቅራቢያ በሚገኘው በእንሰሳ ኮቴ መጠለያ በሕገ ወጥ መንገድ ተይዘው የነበሩ አንበሶችና አቦሸማኔዎች ይጠበቃሉ። ሸክማችንን የምትሸከም አህያም አትረሳም፤ በ2017 በቢሾፍቱ የተከፈተ የአህያ ቄራ ሕዝቡ ስለ ተቃወመው ተዘጋ። በ2024ም የአፍሪካ ኅብረት አህያን ለቆዳዋ ማረድ ለ15 ዓመት እንዲታገድ ወሰነ።

እኛ ተማሪዎችስ? ብዙዎቻችን በልጅነታችን በወፍ ላይ ወንጭፍ አንሥተናል፥ የመንገድ ውሻም በድንጋይ ወግረናል። ጥፋታችንን ሳናምን ሌላውን ብንወቅስ አያምርብንም። ዛሬ ግን ታናናሾቻችንን ልንመክር፥ በጥር ወር ከቆጣሪዎች ጋር ልንሰለፍ፥ ቆሻሻ ከወንዝ እንዳይጣል ከቤታችን ልንጀምር እንችላለን። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነውና።

ወላጆቻችንና መምህሮቻችንም በዚህ እንዲያግዙን በአክብሮት እንለምናለን። ይህ ትምህርት ቤት ሌላ ኢዮቤልዩ ሲያከብር በሥፍራችን የሚቀመጡት ተማሪዎች፥ ወፎቹ ወደ አባ ሳሙኤል እንደሚመጡ ከመጽሐፍ ሳይሆን በዓይናቸው አይተው እንዲጽፉ ምኞታችን ነው።