የራስ ልየታ
ከቤተ ሰብ መካከል ሳይወጡ ራስን ስለ መያዝ

በነገረኛ ወንድም ወይም በማትረካ እናት ተማርሮ አገር ጥሎ የሄደ ሰው ከእነርሱ ነጻ የወጣ ይመስለዋል፤ ዳሩ ግን ስማቸው በተነሣ ቍጥር ደሙ የሚፈላ፣ በዓልም በደረሰ ቍጥር እንቅልፍ የሚያጣ ከሆነ፣ የተለየው በሥጋ እንጂ በመንፈስ አለመሆኑን አሜሪካዊው የአእምሮ ሐኪም ሙሬይ ቦወን አምልቶና አስፍቶ ጽፏል። ይህ ሊቅ ለትምህርቱ ማዕዘን ያደረገው ቃል በእንግሊዝኛ «ዲፈረንሺዬሽን ኦፍ ሰልፍ» የሚባለው ነው፤ በአማርኛ «የራስ ልየታ» ብንለው ይስማማል። ልየታ ማለታችን ግን መራቅን አይደለም፤ ሰው በዘመዶቹ መካከል ተቀምጦ፣ የእናቱን ጭንቀት ከራሱ ጭንቀት፣ የአባቱን ቍጣ ከራሱ ሐሳብ ለይቶ ማወቁን ነው።

የቤተ ክርስቲያናችን መምህራን ምሥጢረ ሥጋዌን ሲያስተምሩ ከተዋሕዶ የሚያርቋቸው ቱስሕትና ቡዓዴ የሚባሉ ቃላት አሏቸው፤ ቱስሕት ተደባልቆ መጥፋት፣ ቡዓዴም ተለያይቶ መቆም ነው። የመለኮትን ነገር ወደ ጓዳ ጠብ ማውረድ ድፍረት እንዳይሆንብኝ እሰጋለሁ፤ ቢሆንም ቦወን በአንድ ወገን የፈራውን መቀላቀል፣ በሌላው ወገን የነቀፈውን መቈራረጥ እንዲህ ባጭሩ የሚነግር ሌላ ቃል አላገኘሁም።

ቦወን እ.ኤ.አ. በ1913 በቴነሲ ተወለደ። ከ1954 ጀምሮ በቤቴስዳ፣ በብሔራዊ የአእምሮ ጤና ተቋም ሲሠራ፣ አእምሯቸው የታወከባቸውን ልጆች ብቻ ሳይሆን መጀመሪያ እናቶቻቸውን፣ ኋላም መላውን ቤተ ሰብ በሐኪም ቤቱ አብሮ አስቀምጦ ኑሯቸውን ይመለከት ነበር። በዚያም የአንዱ ጭንቀት ወደ ሌላው ሲጋባ፣ በሁለቱ መካከል ነገር በከረረም ጊዜ ሦስተኛው ሰው ሲጐተት አየ፤ ይህንንም «ሦስት ማዕዘን» አለው።

በ1959 ተዛውሮ እስከ ሞቱ ባስተማረባት በዋሽንግተንና በአካባቢዋ ዛሬ ብዙ ኢትዮጵያውያን ስለሚኖሩ፣ ምሳሌውን ከዚያው እንውሰድ። እናት ከአዲስ አበባ ደውላ «ወንድምሽ ረሳኝ» ትላለች፤ ልጅቱ በንዴት ወንድሟን ትወቅሳለች፤ እርሱም ይቈጣል፤ የእናትና የልጅ የነበረው ቅሬታ የእኅትና የወንድም ኩርፊያ ሆኖ ያድራል፣ እናትም ለጊዜው ይቀልላታል። ራሷን የለየችው ልጅ ግን «እማዬ፣ ቅር ያለሽን ለራሱ ንገሪው፤ እኔ ሁለታችሁንም እወዳለሁ» ብላ፣ ስልኩን ሳትዘጋ ስለ ጤናዋና ስለ ጎረቤቱ ታጫውታታለች። ነገሩ ሲነገር ቀላል ነው።

ዱላና ነውር ባለበት ቤት ግን ከሁሉ በፊት መሸሽ ይገባል፤ ይህን ትምህርት ለተበደለ ሰው «ታገሥ» ለማለት የሚጠቅሰው ሁሉ አላግባብ ይጠቅሰዋል። ደግሞም ቦወን ልየታን ከ0 እስከ 100 በሚደርስ መለኪያ ማሰቡ፣ ለማስተማሪያ ያህል ካልሆነ በቀር፣ ለእኔ ብዙ አይረባኝም። ስሜትን ለአእምሮ እጅግ አስገዝቷል ብለው የነቀፉትም አሉ፤ ነቀፋው ከንቱ አይደለም።

ይልቅስ የሚያስደንቀው፣ በ1967 በፊላደልፊያ በተደረገ የባለሙያዎች ጉባኤ ላይ የተጠበቀውን ጥናት ትቶ፣ በገዛ ወላጆቹና በወንድም እኅቶቹ መካከል ያደረገውን ሙከራ መናገሩ ነው። ደብዳቤ አስቀድሞ ልኮ፣ ከዚያም ወደ ቤቱ ሄዶ፣ አንዱ ስለ ሌላው በስውር የነገረውን ለታማው ሰው በግልጥ እያወራ፣ ለማንም ሳያዳላ መመለሱን ተረከ። ጽሑፉም በ1972 ሲታተም፣ የዘመዶቹን ገበና ለመሸፈን የደራሲው ስም ተሰወረ።

ሰው እንዲህ ራሱን መለየት በጀመረ ጊዜ፣ ይላል ቦወን፣ ቤተ ሰቡ በተራ ሦስት ነገር ይናገራል፤ «ተሳስተሃል»፣ ቀጥሎ «እንደ ቀድሞህ ሁን»፣ በመጨረሻም «እምቢ ካልህ ይህ ይህ ይደርስብሃል»። በእኛ ቤት ሦስተኛው የጠባውን ጡትና የአባትን እርግማን ይዞ ስለሚመጣ፣ ብዙው ሰው የሚመለሰው ከዚህ ደጃፍ ነው። በዚያች ሰዓት፣ እንደ ቦወን ምክር፣ መከራከርም፣ መልሶ መውቀስም፣ መኳረፍም አይገባም፤ እንደ ወትሮው መደወልና መጠየቅ እንጂ።