የቀረጻችሁት ቪዲዮ የማን ነው?

አንድ አስጎብኚ ድርጅት «ሰሜን ተራሮችን ቀርጻችሁ ማስታወቂያ ሥሩልን» አላችሁ እንበል። ሦስት ቀን በእግር ተጓዛችሁ፣ ጭላዳውንም ዋልያውንም ቀረጻችሁ፣ ቪዲዮውን አስረከባችሁ። ከዚያ በኋላ ባለቤቱ ማነው?

«የቀረጸው ነዋ!» የሚል ፍሪላንሰር ብዙ ነው። በቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት ግን በትእዛዝ የተሠራ ሥራ፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ፣ መብቱ የአዛዡ ነው። ማንም ሳያዛችሁ በራሳችሁ ወጪ የቀረጻችሁት ደግሞ የእናንተው ነው።

ስለዚህ ካሜራ ከማንሳታችሁ በፊት እነዚህን ውል ላይ አስፍሩ እንላለን፦

👉 ኤዲት ያልተደረገው ቀረጻ ማን ጋር ይቀራል?
👉 በራሳችሁ ዩቲዩብና ቲክቶክ መልቀቅ ትችላላችሁ?
👉 ቅድመ ክፍያው ስንት ነው? የመኪና፣ የስካውትና የፓርክ መግቢያ ወጪስ በማን ነው?
👉 ጉም ወይም ዝናብ ቀረጻውን ቢያስተጓጉል የተጨማሪው ቀን ሂሳብ በማን ነው?
👉 የድሮን ፈቃድ የሚያወጣው ማነው? ያለ ፈቃድ ማብረር አይቻልም።

አሠሪው ጓደኛችሁ ቢሆንም ይፈረም። በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል።

ለሚቀርጽ ጓደኛችሁ አጋሩት።