ወንፊቱና ቅኝቱ፦ የሚዲ ማጣሪያ በሙዚቃችን ፊት

የሙዚቃ ታሪክ የከያንያን ታሪክ ብቻ ሳይሆን የመሣሪያዎችም ታሪክ ነው። ለዚህ የኃይሉ መርጊያ የጥበብ ጉዞ ጥሩ ምሳሌ ይሆነናል። ኃይሉ እ.ኤ.አ. በ1946 በደብረ ብርሃን ተወለዱ። በልጅነታቸው አዲስ አበባ ገብተው አኮርዲዮንን በራሳቸው ጥረት ተማሩ፤ ኋላም በዋሊያስ ባንድ የኦርጋን ተጫዋችነታቸው ታወቁ። ባንዱ እ.ኤ.አ. በ1981 አሜሪካን ሲጎበኝ እርሳቸው በዚያው ቀሩ። እ.ኤ.አ. በ1985 «ሸሞንሟናዬ» የተሰኘውን ካሴት ሲቀርጹም አኮርዲዮኑን፣ የኤሌክትሪክ ፒያኖውን፣ ሲንተሳይዘሩንና የድራም ማሽኑን ብቻቸውን አንዱን በሌላው ላይ ደረቡ።

ከዚያ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ፣ እ.ኤ.አ. በ1983፣ በአሜሪካዊው ዴቭ ስሚዝና በጃፓናዊው ኢኩታሮ ካኬሃሺ ግንባር ቀደምነት ሚዲ የተባለው የመሣሪያዎች የጋራ ቋንቋ ይፋ ሆኖ ነበር። የካሴት ክርና ሚዲ በባሕርያቸው ይለያያሉ። ክር የሚይዘው ድምፁን ራሱን ነው። ሚዲ ግን የሚመዘግበው የተጫዋቹን ድርጊት ነው፤ ይኸውም የትኛው ቁልፍ፣ መቼና በምን ኃይል እንደተመታ፣ መቼስ እንደተለቀቀ ነው። ቁልፉም ሆነ የምቱ ኃይል ከ0 እስከ 127 ባሉ ቁጥሮች ይጻፋል። ድርጊቱ ወደ ቁጥር ስለተለወጠም በኮምፒዩተር ሊታረምና ሊጣራ ይችላል።

ማጣሪያው እንደ ወንፊት ነው። ባለሙያው ደንብ ያወጣለታል፤ ከዚህ ኃይል በታች የተመታውን አስቀር፣ ከዚህ ልክ ያጠረውን ሰርዝ፣ የዘገየውን ከምቱ ጋር አስተካክል ይለዋል። ጣት ሳይታሰብ የነካካው ቁልፍ በዚህ መንገድ ይወገዳል። ጥቅሙ አያጠያይቅም።

ችግሩ ወንፊት የሚለየው በመጠን እንጂ በጣዕም አለመሆኑ ነው። ክራር ደርዳሪ ከዋናው ድምፅ በፊት ጣል የሚያደርጋት አጭርና ቀላል ጌጥ በማጣሪያው ዓይን ስሕተት ናት። የማሲንቆ ተጫዋችም ጣቱን በጭራው ላይ ሲያንሸራትት ከድምፅ ወደ ድምፅ ሳይቆራረጥ ያልፋል። ይህን ለመጻፍ የቁልፍ ቁጥር አይበቃም፤ 16,384 ደረጃዎች ያሉት፣ ድምፁን በጥቂት በጥቂቱ ከፍና ዝቅ የሚያደርግ ሌላ መልእክት ያስፈልጋል። ያ መልእክት ከተጣራ ዜማው ደረጃ እየረገጠ የሚሄድ የፒያኖ ዜማ ይሆናል። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬም በክራር የሚቃኙት በተጫዋቹ ጆሮ እንጂ ኦክታቩን በ12 እኩል በሚከፍል ሥርዓት አይደለም። መልእክቱ በአንድ ቻናል የሚገኙ ድምፆችን ሁሉ አብሮ ስለሚያነቃንቅ፣ የየድምፁን ቅኝት ለይቶ ለመጠበቅ ድምፆቹን በ16ቱ የሚዲ ቻናሎች ማከፋፈል ይገባል።

እንግዲህ ማጣሪያውን የሚያዝዝ ሰው አስቀድሞ ቅኝቱን ማወቅ አለበት። የመጀመሪያውን ቅጂ ሳይነካ ያኑር፤ ያጣራውንም መሣሪያውን ለሚጫወተው ሰው ያሰማ። ይህ ማሽንን መጥላት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2013 ዳግም ታትሞ ዓለም ያደመጠው የኃይሉ ካሴት ይህን ይመሰክራል፤ የድራም ማሽኑ ዝንፍ ሳይል ሲመታ፣ በላዩ የሚፈሰው የአኮርዲዮን ዜማ ግን የሰው ጣት ነው።